እያወቁ ዝም ማለት ያስጠይቃልን?

ሰው ባደረገው ክፉ ነገር ብቻ ሳይሆን ማድረግ ሲገባው በተወው በጎ ነገርም እንደሚጠየቅ ለማንኛችንም አዲስ ትምህርት አይደለም። ኑዛዜ ስንገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንቆጥረው የሠራነውን ነው፤ ያልተናገርነውን ቃል ማን ይቆጥረዋል? ይህን ጥያቄ ያነሣሣብን ስለ ነርቭ ሕዋሳት ያነበብነው ነገር ስለ ሆነ አስቀድመን እርሱን እንመልከት።

በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉ ይገመታል። እነዚህ ሕዋሳት ተቀራርበው ይኑሩ እንጂ በአብዛኛው አይነካኩም፤ በአንዱና በሌላው መካከል እጅግ የጠበበ ክፍተት አለ። መልእክቱ በሕዋሱ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ይሮጥና ከዳር ሲደርስ አንድ ንጥረ ነገር ያፈስሳል፤ ይኸውም ክፍተቱን ተሻግሮ ተቀባዩን ሕዋስ ይቀሰቅሰዋል። ኦቶ ሎዊ የተባለው ሊቅ ይህን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1921 በሁለት የእንቁራሪት ልቦች ነበር። ነርቩ ተነክቶ ምቱ የዘገየውን ልብ ያጠበውን ፈሳሽ ወስዶ በሁለተኛው ላይ ቢያፈስስ፣ ማንም ያልነካው ልብ እርሱም ምቱ ዘገየ። ያ ንጥረ ነገር አሴቲልኮሊን መሆኑ ኋላ ታወቀ።

መልእክተኛው መልእክቱን ካደረሰ በኋላ ግን መወገድ አለበት። ለዚህም አሴቲልኮሊንን ወዲያው የሚሰባብር ኢንዛይም በክፍተቱ ውስጥ ይገኛል። ማላታይንና የእርሱ ወገን የሆኑት ፀረ ተባይ መድኃኒቶች የሚያስሩት ይህንኑ ኢንዛይም ነው። በዚህ ጊዜ መልእክቱ ማቆሚያ ያጣል፤ ምራቅና እንባ ይፈስሳል፣ የዓይን ብሌን ይጠብባል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ሲጸናም መተንፈስ ይቆማል። በእርግጥ ሰውነታችን ማላታይንን ከተባይ ይልቅ ፈጥኖ ያፈርሰዋል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ለተባዩ የሆነው ለሰውም ይሆናል። «መድኃኒት» የሚለው ስሙ ራሱ ያዘናጋል።

ሌሎች መርዞች ደግሞ መልእክቱን ማወክ ብቻ ሳይሆን ሕዋሱን ራሱን ይገድላሉ። በጃፓን አገር ሚናማታ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ቺሶ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1968 ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ውኃው ይለቅ ነበር። መርዙ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣውም ወደ አጥማጆቹ ማዕድ ገባ። ድመቶች እየተወራጩ ሞቱ፤ የሰዎችም እጅ ደነዘዘ፣ እርምጃቸው ተንገዳገደ፣ አንደበታቸው ተሳሰረ። ራሳቸው እምብዛም ሕመም ያልታየባቸው እናቶች በጽኑ የተጎዱ ሕፃናትን ወለዱ።

የፋብሪካው ሆስፒታል ኃላፊ ዶክተር ሐጂሜ ሆሶካዋ ይባሉ ነበር። በ1956 ያልታወቀ የነርቭ በሽታ መነሣቱን ለጤና ባለ ሥልጣኖች ያስታወቁት እርሳቸው ናቸው። በ1959 ከፋብሪካው የወጣውን ፍሳሽ ከምግብ ጋር ለድመት ሰጡ፤ 400 የሚል ቁጥር የተሰጣት ድመት በዚያው በሽታ ተያዘች። ውጤቱን ለአለቆቻቸው ነገሩ፤ አለቆቹም ምርመራውን አስቆሙ፣ ነገሩም ተሸሸገ። ፍሳሹ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈሰሰ። ሐኪሙ ያወቁትን በፍርድ ሂደት የመሰከሩት በ1970 ታመው ከተኙበት አልጋ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ዐረፉ። በ1973 ፍርድ ቤቱ ለበሽተኞቹ ፈረደ።

እንግዲህ በእኚህ ሰው ላይ ምን እንላለን? በሥነ ምግባር ትምህርት ሊወገድ የማይችል አለማወቅና ሊወገድ የሚችል አለማወቅ ተለይተው ይታወቃሉ፤ የሐኪሙ ጉዳይ ግን ከሁለቱም አይመደብም፣ ዐውቀዋልና። እንጀራቸው ከፋብሪካው ነበር፣ ለአለቆቻቸውም ተናግረዋል። ይህ በደላቸውን ያቀልለዋል ብለን እናምናለን፤ ፈጽሞ ያጠፋዋል ለማለት ግን እነዚያ ሕፃናት ይከለክሉናል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ብሂላችንም ለባለ አፉ እንጂ ለጎረቤቱ አያስብም።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። በገጠር ቁምስናዎቻችን በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የሚችለው ብዙ ጊዜ ካቴኪስቱ ነው። ከተረጨ በኋላ ሰብሉ እስከሚሰበሰብ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት፣ ባዶው ዕቃ ለምንም አገልግሎት እንዳይውል መበሳት እንደሚገባው፣ የተመረዘ ሰው ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መወሰድ እንዳለበት ያነበበ ሰው ካልነገረ ማን ይነግራል? የነገ ገበያ እንዳያመልጠው ዛሬ የረጨውን ጎመን የሚያጭደው ገበሬስ በወዳጁ ቢገሠጽ አይሻለውምን?

ይህን ስንጽፍ ራሳችንን ነጻ አድርገን አይደለም። ከዓመታት በፊት ለጉብኝት በገባንበት አንድ ቤት የፀረ ተባይ ጀሪካን ታጥቦ ውኃ ተቀድቶበት አየን። የራስ ቅሉ ሥዕል ገና አልጠፋም፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለ ነበረ የቤቱ እመቤት ልታነበው አትችልም ነበር። እኛ ግን አነበብነው። በእንግዳ ፊት እንዳናሳፍራት ብለን «አልጠማንም» አልን። ልጆቹ በፊታችን ጠጡ፤ እኛም ባርከናቸው ወጣን።