ምድር ስታርፍ የሚጾመው ማን ነው?

«በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን በየደጁ የቆምንበት የተማሪነት ዘመን ካለፈ ብዙ ዓመት ሆነ። በአኵፋዳችን የሚወድቀውን ቍራሽ ስንቀበል ከየትኛው ማሳ እንደ መጣ፥ በማን ወዝ እንደ በቀለ ጠይቀን አናውቅም ነበር። መጠየቅም የተራበ ሰው ልማድ አይደለም። ከዕለታት አንድ ቀን ግን የኔታ ቍራሹን በእጃቸው ይዘው «ይህን የሰጠችህ ሴት ለራስዋ ምን ያህል እንዳስቀረች ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ስለ ምድርና ስለ እንጀራ ልጽፍ ስነሣም ይኸው ጥያቄ ቀድሞ ይመጣብኛል።

ክቡራን አንባብያን፥ ሰው ከአፈር ተፈጠረ፤ ከአፈር ይመገባል፤ ወደ አፈርም ይመለሳል። በኦሪት ዘፍጥረት እንደምንማረው አዳም በገነት በተሾመ ጊዜ ሁለት ግዳጅ ተሰጠው፤ አንዱ ምድርን ማልማት፥ ሁለተኛው ምድርን መጠበቅ ነው። ማልማቱን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሆድ ያስታውሰዋልና። መጠበቁን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ ታላላቅ የምግብ ኩባንያዎች የሚሸጡት እህል አፈርን በሚያድስ እርሻ እንዲበቅል እንደሚረዱ በማስታወቂያና በእሽግ ላይ ይጽፋሉ። ይህን የሚያነብ ምእመን «ነገሩ ጽድቅ ነውን ወይስ ንግድ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኛም ሌላ ጥያቄ እንጨምርበታለን፤ ምድር በምታርፍበት ዘመን የሚጾመው ማን ነው? በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት በአሜሪካ መካከለኛ ሜዳ የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ካንሳስ፥ ኦክላሆማ፥ ቴክሳስና ኮሎራዶ በሚገናኙበት አገር ምድሩ ለብዙ ዘመን በሣር የተሸፈነ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ ከፍ ሲል ገበሬው ሣሩን ገልብጦ ስንዴ ዘራ። ከዚያ በኋላ ዋጋው ወደቀ፤ በ1930ዎቹም ድርቅ መጣ፤ አፈሩን የሚይዝ ሥር ስላልነበረ ነፋስ አነሣው። በ1934 የተነሣው አቧራ እስከ ዋሽንግተንና እስከ ኒው ዮርክ ደረሰ። ሚያዝያ 14 ቀን 1935፥ ምዕራባውያን ሆሣዕናን በሚያከብሩበት እሑድ፥ ቀኑን ያጨለመ የአቧራ ማዕበል ስለ ወረደ ያ ቀን «ጥቁር እሑድ» ተብሎ ቀረ። ከ13 ቀን በኋላ የአገሪቱ መንግሥት የአፈር ጥበቃ ሕግ አወጣ፤ ስለዚህም ጕዳይ ብዙ የደከመው ሂው ቤኔት የተባለ የአፈር ሊቅ ነበር።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሣሩን የገለበጠው የገበሬው እጅ ነው፤ እጁን ያንቀሳቀሰው ግን የገበያው ዋጋ ነው። ገዢው «ጨምር» ሲል ገበሬው ጨመረ፤ ገዢው ዋጋውን ሲጥል ዕዳው በገበሬው ላይ ቀረ፤ አፈሩም ሄደ። ስለዚህ የምድር መቍሰል የባለማሳው ብቻ ኃጢአት አይደለም። በጕዳቱ ብዙዎች ተካፍለዋል፤ በመፈወሱም ብዙዎች ሊካፈሉ ይገባል።

አፈርን የሚያድስ እርሻ የሚባለውስ ምንድን ነው? ስሙን በ1980ዎቹ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ሮበርት ሮዴል ነው። በእርሱ ቤተ ሰብ ስም የሚጠራው በፔንስልቬንያ የሚገኝ ተቋም ከ1981 ጀምሮ ሁለቱን የእርሻ ዓይነቶች፥ ማለት በሰው ሠራሽ ማዳበሪያ የሚሠራውንና ያለ እርሱ የሚሠራውን፥ ጎን ለጎን እየዘራ ሲያመዛዝን ኖሯል። የሥራው ሥርዓት በአጭሩ ይህ ነው፤ መሬትን በተቻለ መጠን አለማገላበጥ፤ ከመከር በኋላ ራቍቱን እንዳይቀር ሽፋን የሚሆን ተክል መዝራት፤ ሰብልን ማፈራረቅ፤ በአፈር ውስጥ ዓመቱን ሁሉ ሕያው ሥር እንዲኖር ማድረግ፤ ከብትንም በማሳው ላይ በልክ ማሰማራት። ለጤፍ ማሳውን ደጋግሞ ማረስ ለለመደ ሰው «አትረስ» ማለት እንግዳ ይመስላል። ነገር ግን አፈር ሕይወት የሌለው ትቢያ አይደለም። ትሉ፥ ሻጋታው፥ በዓይን የማይታየውም ነፍሳት በውስጡ ይሠራሉ፤ የበሰበሰውን ወደ ምግብነት ይመልሳሉ፤ ውኃ የሚሰርግበትን መንገድ ይከፍታሉ። አፈር በየጊዜው ሲገለበጥ ቤታቸው ይፈርሳል፤ ራቍቱን ሲቀር ዝናብ ያጥበዋል፥ ነፋስ ይወስደዋል።

ወደ ነጋድያኑ እንመለስ። በ2019 ጄኔራል ሚልስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እስከ 2030 ድረስ ይህ እርሻ በ1 ሚሊዮን ኤከር ላይ እንዲስፋፋ እንደሚረዳ አስታወቀ፤ ይህም 400 ሺህ ሄክታር ያህል ነው። በ2021 ፔፕሲኮ እስከ 2030 ድረስ 7 ሚሊዮን ኤከር ብሎ ተሳለ። በዚያው ዓመት የስዊስ ኩባንያ ኔስትሌ ለዚሁ ሥራ በ5 ዓመት ውስጥ 1.2 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ እንደሚያወጣ፥ በ2030ም ከዋና ዋና የምግብ ጥሬ ዕቃዎቹ ግማሹን ከእንዲህ ያለ እርሻ እንደሚገዛ ተናገረ። በ2017ም የሮዴል ተቋም ፓታጎንያና ዶክተር ብሮነርስ ከሚባሉት የንግድ ቤቶች ጋር ሆኖ አፈሩን፥ እንስሳውንና ሠራተኛውን አንድ ላይ የሚመረምር የምስክር ወረቀት አቋቋመ።

አሁን «ለትርፍ የተሠራ በጎ ሥራ በጎ ነውን?» የሚለውን እንመርምር። ጌታችን በወንጌል መለከት እየነፉ የሚመጸውቱትን ነቅፏል፤ ማስታወቂያም የዘመኑ መለከት ነው። ነገር ግን የነቀፈው የሰጪውን ልብ ነው እንጂ ቍራሹን አይደለም። የተራበው ሰው እንጀራውን በልቶ ይጠግባል፤ የሰጪውም ዋጋ በእግዚአብሔር ፊት ይመረመራል። እንዲሁም አፈር የነጋዴውን አሳብ አይመረምርም፤ የለበሰ ከሆነ ይድናል፤ የተራቈተ ከሆነ ይሄዳል። ስለዚህ ነጋዴ ትርፍ አስቦ ምድርን ቢጠብቅ ሥራውን አንንቅም። ንጹሕ ልብ እስኪገኝ ድረስ ምድር ትቍሰል የሚል ሰው ጻድቅ አይደለም።

ከስእለቱ በኋላ ግን ፍርድ አለ። በግብረ ሐዋርያት የሐናንያንና የሰጲራን ነገር እናውቃለን። መሬታቸውን እንዲሸጡ ያስገደዳቸው አልነበረም፤ ከሸጡም በኋላ ገንዘቡ በእጃቸው ነበር። የጠፉት ከፊሉን አስቀርተው ሁሉን እንደ ሰጡ ሰው ለመመስገን ስለ ወደዱ ነው። እነዚህንም ኩባንያዎች እንዲሳሉ ያስገደዳቸው የለም። በአደባባይ ከተሳሉ ግን የሚጠየቁት በሙሉው ነው። በኤከር የተቈጠረው ስእለት አንድ ነገር ሳይቈጥር ሊያልፍ ይችላል፤ ይኸውም በዚያ ኤከር ላይ የባለማሳው ሸክም ስንት ነው የሚለውን ነው።

ሸክሙ ምን እንደሚመስል እንመልከት። በሰሜን ዳኮታ የሚኖር ጌብ ብራውን የተባለ በዚህ እርሻ የታወቀ ገበሬ ከ1995 እስከ 1998 አራት ዓመት ተከታትሎ ሰብሉን በበረዶና በድርቅ አጣ። ማዳበሪያ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው አፈሩን በሽፋን ተክልና በከብት ማሳደስን በችግር ተማረ። ዛሬ ብዙዎች ከእርሱ ሊማሩ ይሄዳሉ። እኛ ግን እንጠይቅ፤ በእነዚያ አራት ዓመታት ስንቱ ገበሬ መሬቱን ሸጦ በሄደ ነበር? በአሜሪካ ሕግ «ኦርጋኒክ» በሚለው ስም ለመሸጥ የሚፈልግም መሬቱ የተከለከለው መድኃኒት ሳይነካው 3 ዓመት መቈየት አለበት። በእነዚህ ዓመታት ገበሬው በአዲሱ ሥርዓት ይደክማል፤ ምርቱን የሚሸጠው ግን በአሮጌው ዋጋ ነው። ደግሞም በዚያ አገር ከሚታረሰው መሬት ከሦስት እጅ አንዱ እጅ የሚበልጠው በኪራይ የተያዘ ነው። ውሉ ዓመት በዓመት የሚታደስ ተከራይ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያፈራውን አፈር ለማን ብሎ ያድሳል?

በ2021 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የሆነውን እንጨምር። አንድ የወተት ኩባንያ ከ89 የኦርጋኒክ ወተት አቅራቢ ገበሬዎች ጋር የነበረውን ውል እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። ብዙ ጩኸት ከተነሣ በኋላ ጊዜውን አራዘመ። ኩባንያው ውሉን የማቋረጥ መብት ነበረው ይባል ይሆናል። ሆኖም እነዚያ ቤተ ሰቦች ለዚያ ስም ሲሉ ግጦሻቸውንና መንጋቸውን ለዓመታት ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ነጋዴው ገበያ ይቀይራል፤ ገበሬው ግን ማሳውን አንሥቶ ሌላ ስፍራ መሄድ አይችልም።

እንግዲህ ኦሪትን እንጠይቅ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ምድር በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ ታዘዘ። ብዙዎቻችን ይህን ስናነብ «አትዝሩ» የሚለውን ብቻ እንይዛለን። ምስጢሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ሕዝቡ በሰባተኛው ዓመት ምን እንበላለን ብለው እንዳይፈሩ እግዚአብሔር በስድስተኛው ዓመት ለሦስት ዓመት የሚበቃ በረከት እንደሚያዝዝ ተናገረ። ይህም ማለት ዕረፍቱን ያዘዘ አምላክ የዕረፍቱን ወጪ ራሱ ተዋሰ ማለት ነው። አንድም፥ በዚያ ዓመት ምድር በራስዋ ያበቀለችው ለባለቤቱ ብቻ አልነበረም፤ ለአገልጋዩ፥ ለምንደኛው፥ ለመጻተኛው፥ ለከብቱና ለአራዊቱም ነበር፤ ጾሙ የሁሉ እንደ ሆነ ማዕዱም የሁሉ ሆነ። ስለዚህ ለገበሬው «ምድርህን አሳርፍ» ብሎ በዕረፍቱ ዓመት ዋስ የማይሆን ሰው፥ ሌላውን እያስጾመ እርሱ ጠግቦ እንደሚያድር ሰው ነው።

ከዚህ የምናገኘው ፍርድ ግልጽ ነው። የነጋዴው በጎነት የሚለካው በእሽጉ ላይ በተጻፈው ቃል ወይም በኤከሩ ብዛት ሳይሆን በሽግግሩ ዓመታት ከገበሬው ጋር ምን ያህል እንደ ጾመ ነው። ለብዙ ዓመት የሚጸና ውል ሰጥቷልን? ምርቱ በሚቀንስበት ዓመት ዋጋውን ደግፏልን? በአዮዋ ግዛት አንዳንድ ኩባንያዎች፥ ከእነርሱም ፔፕሲኮና ዩኒሊቨር፥ ሽፋን ተክል የሚዘሩ ገበሬዎችን ወጪ በመካፈል ረድተዋል። ይህ ጅምር እንጂ ፍጻሜ ባይሆንም መንገዱ ትክክል ነው፤ ሸክም የሚቀለው በመካፈል ነውና።

«እንዲህ ከሆነ ምግቡ ይወደዳል፤ ድኻው ምን ይብላ?» የሚል ይኖራል። ይህ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በቀላሉም አይታለፍም። የታደሰ ምድር ፍሬ ለባለጸጋ ብቻ ቢሆን፥ የምድር ዕረፍት ለመጻተኛውና ለምንደኛው ማዕድ መሆኑ ቀርቶ ጌጥ ይሆናል። ስለዚህ ወጪው መጀመሪያ ከማን ይነሣ ቢሉ፥ ብዙ ከተረፈው ይነሣ እንላለን፤ ከትርፉና ለማስታወቂያ ከሚፈሰው ገንዘብ። ከዚያ ቀጥሎ መክፈል የሚችል ገዢ ይካፈል። የማይችለው ግን በመጨረሻ ይጠየቅ፤ ርካሹን ስለ ገዛም አይወቀስ።

ለገዢውም አንድ ቃል እንናገራለን። እሽጉን መግዛት ንስሓ አይደለም። «ኦርጋኒክ» የሚለውን ስም በአሜሪካ ሕግ ይጠብቀዋል፤ «አፈር አዳሽ» የሚለውን ግን እንዲሁ የሚወስን አንድ ብሔራዊ መለኪያ ስለሌለው ብዙው ነጋዴ በራሱ ሚዛን ይመዝነዋል። ስለዚህ በዚያ አገር ለዝክርና ለማኅበር የሚሸምቱ ካህናትና ምእመናን ቃሉን አንብበው አይለፉ፤ የሚመረምረው ማን እንደ ሆነ፥ ገበሬውስ ምን እንዳገኘ ለኩባንያው ጽፈው ይጠይቁ። ጥያቄ የሚበዛበት ነጋዴ ስእለቱን ለመርሳት ይቸግረዋል። የገዛነውንም እንጀራ አንጣለው፤ የተጣለ እንጀራ ምድር በከንቱ የደከመችበት ነውና።

የኔታ በጠየቁኝ ጊዜ መልስ ያጣሁት ሴቲቱን ዳግም ዞሬ ስላላየኋት ነበር። በማግሥቱ ወደዚያው ደጅ ስሄድ ቀና ብዬ ፊትዋን አየሁ፤ የከሳች ነበረች። ከዚያ በኋላ እንጀራን ሳይ የሰጠውን ሰው ፊት መፈለግ ልማዴ ሆነ። ከእሽጉ ላይ የምናነበው የነጋዴውን ስም ነው፤ የባለማሳው ፊት በዚያ የለም። እርሱን መፈለግ የእኛ የበላተኞቹ ግዳጅ ነው። ምድርን እንድንጠብቅ ያዘዘን አምላክ የሚጠብቋትንም እንድንጠብቅ ልቡና ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።