በዕረፍት ላይ የወረደ ዝናብ

ለጫጉላ ሽርሽር ወደ ሐሩር ባሕር ደሴት የሄዱ ሙሽሮች ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድባቸው የሚሰማቸው ቅሬታ፣ ላይ ላዩን ሲታይ ለሃይማኖትም ሆነ ለፍልስፍና የሚበቃ ጉዳይ አይመስልም፤ ድርቅ ከብቱን የጨረሰበትና ጎርፍ ቤቱን የወሰደበት ሰው ባለበት አገር የመዝናኛ ቀን መበላሸትን እንደ መከራ መቁጠር ለትዝብት ይዳርጋልና። ሆኖም ቅሬታ ሁሉ አቤት የሚባልበት ደጅ ይፈልጋል፤ የዚህኛው ቅሬታ ደጅ የት እንደሆነ ሲጠየቅ ነገሩ ይጠጥራል። ሆቴሉ አላዘነበም፤ አየር መንገዱም አላዘነበም። ያዘነበው እግዚአብሔር ነው ከተባለ ደግሞ፣ በሌላ ጊዜ ዝናብ ስጠን ተብሎ የሚለመነው እርሱ ራሱ በመስጠቱ እንዴት ይከሰሳል የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

ጥያቄው ከአቃቂ ቃሊቲ ሲነሣ ይበልጥ ይጨበጣል። በዚህ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ባለ ክፍለ ከተማ፣ እንደ ብዙው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ የሠርግን ወቅት የሚወስነው የአየር ጠባይ ብቻ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠርም ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በአጽዋማት ሠርግ ስለማትፈቅድ፣ ድግሱ ወይ ከዐቢይ ጾም በፊት በጥር ወር፣ ወይ ከፋሲካ በኋላ ባሉት የፍስክ ሳምንታት ይከማቻል። ጥር ደረቅ ስለሆነ ችግር የለበትም። ፋሲካን ተከትሎ የሚመጣው የሠርግ ሰሞን ግን ከየካቲት እስከ ግንቦት ከሚዘንበው ከበልግ ጋር ይጋጠማል፤ ያን ጊዜ በአቃቂ ኮትቻ አፈር ላይ፣ ማለትም ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ሲርስ እንደ ሊጥ በሚጣበቀው ጥቁር ጭቃ ላይ፣ ድንኳን የተከለ ቤተሰብ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ እንግዳ ያስተናግዳል፣ በሸራው ላይ ያቆረውን ውኃም በእንጨት ከታች እየገፋ ያፈሳል። ውኃው ከጫፍ ሲወርድ በዚያ በኩል የተቀመጡት ዘመዶች ወንበራቸውን ይዘው ይነሣሉ፤ «ዝናብ በረከት ነው» የሚለው ቃል የሚሰማውም ብዙውን ጊዜ ይህን ጊዜ ነው፣ ያውም ካልረጠበው ወገን።

እነዚሁ ሙሽሮች አቅሙ ኖሯቸው ከሠርጉ ማግሥት ወደ ዛንዚባር ቢበርሩ ከዝናብ አያመልጡም። አቃቂ ቃሊቲ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ቦታ ላይ ስለሚገኝ፣ ከኩባም ሆነ ከጃማይካ ይልቅ ለምድር ወገብ የቀረበ ነው፤ «ትሮፒካል» የሚያሰኘው ኬክሮስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሙሽሮቹ ከትሮፒክ ተነሥተው ወደ ትሮፒክ ለመሄድ ቲኬት ባልቆረጡ ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ የሚደርሰው ከፍታ ነው። ዛንዚባር ደግሞ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስድስት ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱት ነፋሳት የሚጋጠሙበትና እርጥብ አየር ወደ ላይ የሚነሣበት የዝናብ መቀነት ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሲያልፍ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች «ማሲካ» የሚሉትን ረጅም ዝናብ ያወርዳል፣ ወደ ሰሜን ሲዘልቅም በሐምሌና በነሐሴ የኢትዮጵያ ደጋ የሚያገኘውን ክረምት ያመጣል። የሙሽሮቹን ሻንጣ ያረጠበው ዝናብና አባቶቻቸው እንዳይቀር የሚሰጉለት ዝናብ እንግዲህ የአንድ መቀነት ሥራ ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. ይህ መገጣጠም ከወትሮው የከፋ መልክ ያዘ። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ፤ በዋዜማው፣ በቀዳም ሥዑር፣ «ሂዳያ» የተባለው የሕንድ ውቅያኖስ አውሎ ነፋስ ከዛንዚባር በስተደቡብ በምትገኘው በማፊያ ደሴት በኩል የታንዛኒያን ጠረፍ መታ፤ ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር የሚመላለሱት ጀልባዎችም እንዲቆሙ ተደረገ። አውሎ ነፋሶች የሚጠሩት አስቀድሞ በተዘጋጀ ዝርዝር ተራ እየጠበቁ ነው፤ «ሂዳያ» በዐረብኛ «ምሪት» ማለት መሆኑን ያወቀ ሰው፣ በደሴት ላይ ተይዞ የቀረ መንገደኛ ከዚህ ስም ምን ያህል ትርጉም ሊጨምቅ እንደሚችል ይገምታል። ጨምቆ የሚያገኘው ግን የዝርዝሩን ተራ ብቻ ነው።

ዝናብን እንደ ምልክት የማንበብ ልማድ ግን በዚህ አይገታም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት «መግቦት» የሚባለው፣ እግዚአብሔር የፈጠረውን ዓለም ፈጥሮ አለመተዉ፣ ይልቁንም መመገቡ፣ መጠበቁና መምራቱ ነው። ይህን ትምህርት የተቀበለ ሰው ዝናቡ ያለ ፈቃድ ወረደ ሊል አይችልም፤ ስለዚህም ፈቃድ ካለበት መልእክት አለበት፣ መልእክት ካለበትም ተቀባዩ እኔ ነኝ ወደሚለው መደምደሚያ በሁለት እርምጃ ይደርሳል። ስሕተቱ ያለው በሁለተኛው እርምጃ ነው። «በሠርጋችን ሰሞን ዘነበልን» የሚለው ደስተኛና «በሠርጋችን ሰሞን ዘነበብን» የሚለው ኀዘንተኛ በአንዲት ፊደል ቢለያዩም፣ ሰማዩ እነርሱን እያየ ዘነበ በሚለው ይስማማሉ። መጽሐፈ ኢዮብ፣ የመከራን ምክንያት በመመርመር ከቅዱሳት መጻሕፍት ሁሉ ርቆ የሚሄደው መጽሐፍ፣ ይህን ግምት የሚያፈርሰው ተከራካሪውን በመውቀስ ብቻ ሳይሆን ሰው በሌለበት ምድረ በዳ ላይ የሚወርደውን ዝናብ በማሳየት ነው፤ ለማን ዘነበ ቢባል በዚያ የሚመልስ ሰው የለም። የዛሬው ሳይንስም በራሱ መንገድ እዚያው ይደርሳል፤ አብዛኛው የምድር ዝናብ የሚወርደው ማንም በማያርሰው ውቅያኖስ ላይ ነው። አርስጣጣሊስም «ፊዚክስ» በተባለው ድርሳኑ ሁለተኛ መጽሐፍ፣ በዐውድማ ላይ ያለ እህል በዝናብ ቢበሰብስ ዝናቡ የዘነበው እህሉን ለማበስበስ ነውን የሚል ጥያቄ አንሥቷል፤ ምሳሌውን በታኅሣሥ ወር ጤፉን ከምሮ ደመና ለሚያይ የአቃቂ ገበሬ ማብራራት አያስፈልግም።

ሕግ በዚህ ጉዳይ ላይ ከብዙ ስብከት ይልቅ ጠንቃቃ ሆኖ ይገኛል። የእንግሊዝ ሕግ ድንገተኛ የተፈጥሮ አደጋን ከጥንት ጀምሮ «የእግዚአብሔር ድርጊት» ሲለው፣ የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1792 እና 1793 «ከዐቅም በላይ» የሚለውን ሐሳብ ይጠቀማል፤ ይህም ተዋዋዩ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚከለክለው ነገር ነው፤ የምድር መንቀጥቀጥ፣ መብረቅና ጎርፍ በምሳሌነት ተጠቅሰዋል። አነጋገሩ ስለ እግዚአብሔር አንዳች ሳይናገር ስለ ሰው ወሰን ብቻ ይናገራል። በዚህ ሚዛን አውሎ ነፋሱ አንድ ነገር ነው፣ በየዓመቱ በወሩ የሚመጣው ማሲካ ግን ሌላ፤ ዋጋው የረከሰው ዝናብ ስለሚጠበቅ መሆኑን እያወቀ ክፍል የያዘ ሰው ዝናቡን «ያልታሰበ» ሊለው አይችልም። ሚዛኑ ወደ አቃቂ ሲመለስ ይከብዳል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የመላ ከተማዋን የክረምት ጎርፍ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ሲወርዱ በዳርቻቸው ያሉ ቤቶች ውኃ ይገባቸዋል፤ ይህም በክረምት የሚጠበቅ ነገር ነው። ውኃ በሚሞላበት መሬት ላይ ሰው እንዲሰፍር ከተተወ በኋላ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ማለት፣ ሰው የሠራውን በፈጣሪ ማሳበብ ነው፤ የሙሽሮቹ ቀላል ቅሬታ ለዚህ ከባድ ጉዳይ መለማመጃ መሆኑ ሳይጠቅም አይቀርም።

የቀረው የጸሎት ነገር ነው። በደሴቲቱ ላይ «ነገ እንኳ ያባራ» ተብሎ ቢጸለይና በዚያው ሌሊት ከባሕሩ ወዲያ ያለ ገበሬ «አታቋርጥብን» ቢል የትኛው ይሰማል? ጥያቄው የሚያስቸግረው ጸሎት የግል ማመልከቻ ተደርጎ ሲታሰብ ነው። በአካባቢው ያሉት ሃይማኖቶች ግን ስለ ዝናብ የሚለምኑት በዋናነት በጋራ ነው። በቅዳሴ ስለ ዝናማት የሚቀርበው ልመና የጉባኤ ልመና ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ የሚያዘው ምሕላ፣ ማለትም ምእመናን ተሰብስበው የሚያቀርቡት የእግዚኦታ ጸሎት፣ «እኛ» እንጂ «እኔ» አይልም። በኦሮሞ ልማድ፣ «ዋቃ» የሚለው ቃል ሰማይንም ፈጣሪንም በሚጠራበት ቋንቋ፣ በበልግ መባቻ ተራራ ላይ ወጥቶ ዝናብ የሚለምነው፣ ክረምት ሲያልፍም ከአቃቂ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ ቢሾፍቱ ሆረ አርሰዲ ወርዶ በኢሬቻ የሚያመሰግነው ሕዝቡ በጅምላ ነው። በእስልምናም ዝናብ ለመለመን የሚሰገደው ሶላተል ኢስቲስቃእ በጀመዓ የሚከናወን ሲሆን፣ ከዚሁ ጋር የሚተረክ አንድ ሐዲስ ለተያዘው ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ይቀርባል፤ በመዲና ዝናብ ሳምንት ሙሉ ዘንቦ ቤት ሲያፈርስ ሰዎች እንዲቆም ዱዓ እንዲያደርጉላቸው ነቢዩ ሙሐመድን ጠየቋቸው፤ እርሳቸውም የለመኑት ዝናቡ ፈጽሞ እንዲቀር ሳይሆን ከከተማይቱ ላይ ተነሥቶ ወደ ኮረብታው፣ ወደ ሸለቆውና ወደ ዛፎች ሥር እንዲሄድ ነበር። በዚህ ልመና ውስጥ የሚጎዳው ሰው ጉዳቱን አይደብቅም፣ ዝናቡን የሚፈልገውንም ሌላ ቦታ አይረሳም።

ሙሽሮቹ ያጡት ነገር ምን እንደነበረም «ዕረፍት» ከሚለው ቃል ይታያል። በአማርኛ «ዕረፍት» ማለት ከሥራ ማረፍ ነው፤ የቅዱሳን ሞትም ዕረፍት ይባላል፤ ስንክሳሩ «ዐረፈ» ሲል ሰውየው ከእንግዲህ የሚጎበኘው የባሕር ዳርቻ የለውም። በዚህ ቋንቋ ዕረፍት የሚጨመር ነገር ሳይሆን የሚራገፍ ነገር ነበር። ደሴትም በኢትዮጵያ ታሪክ የመዝናኛ ቦታ ሆኖ አይታወቅም፤ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል በጣና፣ ቱሉ ጉዶ በዝዋይ ሐይቅ፣ ሰው ከዓለም ለመራቅ ወይም ታቦቱንና መጻሕፍቱን ከጠላት ለማሸሽ የገባባቸው ናቸው። እዚያ ማዕበል ተነሥቶ ታንኳ ቢቀር የመነኩሴው ቀን አይጎድልበትም። የገነት ምስል አንሥቶ ለመመለስ በገባ ሰው ላይ ግን ዝናቡ መውጫ ከልክሎት፣ ከአንድ ሰው ጋር በአንዲት ክፍል ያለ ሥራ ያስቀምጠዋል። ለአዲስ ተጋቢዎች ይህ ከባሕሩ ይልቅ የሚያስፈራ ሊሆን ይችላል፤ የተጋቡት ግን ለዚሁ ይመስላል።

ከጉዞ የተመለሱ ሙሽሮች እንደ ወጉ ዘመድ ለመጠየቅ ይሄዳሉ፤ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ መሬት ያላቸው አያት ቤት ሲደርሱ ጫማቸው ላይ የተጣበቀውን ኮትቻ በደጁ ድንጋይ ላይ ፍቀው ይገባሉ። «አገሩ እንዴት ነበር ልጆቼ?» ሲባሉ፣ ሙሽራው እየተሽኮረመመ «ምን አባባ፣ ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነበር እኮ» ይላል። ሽማግሌው የየትኛው አገር ዝናብ እንደሆነ ሳይጠይቁ፣ ከመቀመጫቸው ከፍ ብለው «ተመስገን» ይላሉ።