ግንባር የማን ነው?

አንዲት እናት ከሮቢት ተነስተው አዲስ አበባ ልጃቸው ቤት ይገባሉ። እንደ ወጉ ግንባሯን ዳብሰው ሊመርቋት እጃቸውን ሲዘረጉ ልጅት ወደ ኋላ አለች። “እማዬ፣ ዛሬ ግንባሬ አይነካም!” ለካ ጠዋት የተሸበሸበ ግንባር የሚያፍታታውን መርፌ ተወግታ ኖሯል።

መቼም ምክሩ ልክ ነው። ቦቶክስ የምንለው መድኃኒት በ2002 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በቅንድብ መሐል ለሚወጣ መስመር ተፈቀደ። ነርቭ ጡንቻን እንዳያዘው አግዶ ከ3 እስከ 4 ወር ያህል ያሳርፈዋል። ቦታው ወዲያው ከታሸ ወዳልታሰበ ጡንቻ ዘልቆ የዓይን ቆብ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ቀን አትሹት፣ ለ4 ሰዓት አትጋደሙ፣ ከከባድ ስፖርትና ከሳውና ራቁ ይባላል።

እንግዲህ ልጅት ላይ እንፍረድ? እኔ አልፈርድም። እናትየውስ በጊዜያቸው ቅቤ ተቀብተው፣ ወይባ ሞቀው አምረው የለ? መዋብ ነውር ሆኖ አያውቅም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ፊታችንን የምንንከባከበው ወደነው ነው ወይስ አፍረንበት? የእናትየው ግንባር የተሸበሸበው በራያ ጸሐይ፣ ማሽላውን ከወፍ ሲጠብቁ ነው። ልጅት የተማረችው በዚያ ማሽላ ነው። በራሷ ፊት ላይ ያፈረችበትን መስመር በእናቷ ፊት ላይ በምን ዓይን ታየዋለች?

እናትየው እጃቸውን ሰበሰቡና “ይሁን ልጄ፣ ነገ እመርቅሻለሁ” አሉ። የሐኪሙ ክልከላ የአንድ ቀን ነው። በማግስቱ ዝቅ ብሎ ግንባርን መስጠት ግን የልጅት ፋንታ ነው።