ጽኑ ሃይማኖትና የከረረ ሃይማኖት

ጥጥ ሲፈተል ጥቂት መክረር ይገባዋል። ያልከረረ ፈትል ለሸማ አይሆንም፤ ከልክ በላይ የከረረው ደግሞ ገና ከእንዝርቱ ላይ ሳለ ይበጠሳል። የሰውም ሃይማኖት እንዲሁ ነው። ጨርሶ የላላ እምነት ለባለቤቱም ለጎረቤቱም ፍሬ አይሰጥም፤ ልኩን አልፎ የከረረው ግን ሰውን ከወንድሙ፣ አገርንም ከሰላሟ ይለያል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው፣ ጽኑ ሃይማኖት ከከረረ ሃይማኖት የሚለየው በምን እንደ ሆነና የኋለኛው ጉዳት በማን ላይ እንደሚብስ ነው።

ጽኑ ሃይማኖት ያለው ሰው ሕጉን አስቀድሞ የሚያጸናው በራሱ ላይ ነው። ይጾማል፣ ይጸልያል፣ ይመጸውታል፤ ስለ እምነቱ መከራ ቢመጣበትም ይታገሣል። አክራሪው ግን ሕጉን ከራሱ ይልቅ በባልንጀራው ላይ ማጽናት ይወዳል፤ መከራ ከመቀበልም ይልቅ መከራ ማድረስን እንደ ጽድቅ ይቆጥራል። ምናልባት «እውነትን የያዘ ሰው ወንድሙ በስሕተት ሲጠፋ ዝም ብሎ ሊያይ ይገባዋልን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ዝም ይበል አንልም፤ ያስተምር፣ ይምከር፣ ይከራከር። ነገር ግን ትምህርት ልብ ድረስ ሲገባ፣ ኃይል ከምላስ አያልፍም።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም፤ የገዛ ታሪካችን ይበቃናል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው። በ1603 ወደ አገራችን የገባው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ቋንቋችንን ተምሮ በትዕግሥት ያስተምር ነበር። ዐፄ ሱስንዮስም በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። ምንም እንኳ ከዚያ አስቀድሞ ስለዚሁ ነገር ደም ፈስሶ የነበረ ቢሆን፣ ነገሩ ፈጽሞ የከረረው በ1625 ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ ከመጣ በኋላ ነው። ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ ታዘዘ። የአባቶቹ ጥምቀት እንደ ከንቱ የተቆጠረበት ገበሬም ጦሩን አነሣ። በሰኔ 1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ስምንት ሺህ ያህል ሰው እንደ ወደቀ ይነገራል። ንጉሡ ድል አደረጉ፤ ነገር ግን በሜዳው የተረፈረፉት ባዕዳን ሳይሆኑ የገዛ ሕዝባቸው ነበሩና ድሉ መራራ ሆነባቸው። ወዲያውም ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ዓመቱም ሳያልቅ ዐረፉ።

ጉዳቱ ግን በዚህ አላበቃም። ትናንት የተገፋው ወገን ተራው በደረሰ ጊዜ ገፊ ሆነ። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ በ1638ም አጋታንጅና ካስያን የተባሉ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት በጎንደር ተሰቅለው ሞቱ። ከዚያ ዘመን ክርክር የተነሣው የምሥጢር ጥያቄ ደግሞ የኢትዮጵያን ሊቃውንት ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ እያሰኘ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከፋፈላቸው። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ይህን ክርክር ዘጉት፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ብዙዎች ተሰደዱ፤ ሌሎችም ከሼህ ጣልሃ ጋር ተነሡ፤ ከቀሩትም መካከል ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆነው የኖሩ ነበሩ።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ቆም ብለን እናስተውለው። በግድ የተጠመቀ ሰው ከአዲሱ ሃይማኖቱ አስቀድሞ የሚማረው ትምህርት በፈጣሪ ፊት መዋሸትን ነው። አስገዳጁም ከዚያን ቀን ጀምሮ አማኙን ከአስመሳዩ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ የአክራሪነት ጉዳት እጅግ የሚብሰው በተቃዋሚው ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ሊያስከብረው በተነሣው በራሱ በሃይማኖቱ ላይ ነው እንላለን፤ መቅደሱን በሐሰተኛ ሰጋጆች ይሞላበታልና። በዚያው በወሎ ዛሬ ክርስቲያንና ሙስሊም ከአንድ አያት ተወልደው፣ ለሠርግና ለሐዘን በአንድ ዳስ ተቀምጠው፣ ለየእምነታቸው የታረደውን ሥጋ ለየብቻ እየበሉ ሲጫወቱ እናያለን። ይህን ያቆመው ዐዋጅ አይደለም፤ እርስ በርስ መከባበር ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ነው ብለን እንዳንዘናጋ፣ በ2018 በጅግጅጋ አብያተ ክርስቲያናት፣ በ2019 በሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ አይተናል። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 የእምነትን ነጻነት ደንግጓል። ነገር ግን አንቀጽ በወረቀት ላይ ሲኖር፣ አክራሪነት የሚጀምረው ከዕለት ኑሮ ነው። ባለጉዳይ ሲቀርብ ከማመልከቻው አስቀድሞ ስሙን አይቶ ፊቱን የሚያጠቁር ሹም፣ የአንዱን ተማሪ ጾም በክፍል ውስጥ መሳለቂያ የሚያደርግ መምህር፣ የባልንጀራውን እምነት ከጠላቱ አፍ ብቻ የሚማር ተማሪ፣ ሳያውቁት ለዚያ እሳት ጭራሮ የሚለቅሙ ናቸው። እኛም ብዕር የያዝነው ከዚህ ነጻ ነን ብለን አንመካም።

በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ አክሱም በመጡ ጊዜ፣ አሳዳጆቻቸው እጅ መንሻ ይዘው ተከትለው እንዲመለሱላቸው ለምነው እንደ ነበር የእስልምና ታሪክ ይመሰክራል። ክርስቲያኑ ንጉሥ ግን የሁለቱንም ወገን ቃል ሰሙ፤ እጅ መንሻውን መልሰው ስደተኞቹን በሰላም አኖሩ። ንጉሡ በዚህ ክርስትናቸው አልላላም፤ ይልቁንም ጽናቱ ታየ። እኛም ሃይማኖታችንን በዚህ ልክ ብናጸና፣ ለየራሳችን እምነት ክብር፣ ለጋራ አገራችንም ዕረፍት ይሆናል።