ብረቱ ነፍስ እንዲዘራ

ልጆቼ፣ ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ የእህቴ የልጅ ልጅ አንድ ሣጥን ታቅፎ ቤቴ ድረስ መጣ። አሜሪካ ያለው አጎቱ የላከለት የዓሣ ማጥመጃ ነው። ክዳኑ ሲነሣ የሙሽራ ጌጥ ይመስላል፤ ወርቅማው፣ ብርማው፣ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት፣ ጭራው ላይ ላባ የታሰረለት፣ የላስቲክ ትል፣ ዓይን የተሳለለት የእንጨት ዓሣ፣ ሁሉም በየክፍሉ ተቀምጦ ያብለጨልጫል። ልጁ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣና ዳር ሲወረውር ሰንብቶ አንድ ዓሣ እንኳ አልነካለትም። «አባባ፣ ይሄ ነገር የሚያታልለው የፈረንጅ ዓሣ ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ።

በማግስቱ አብሬው ወረድሁ። መወርወሩን አሳምሮ ይችላል፤ ችግሩ ከወረወረ በኋላ ነው። ብረቷ ውኃውን ገና ከመንካቷ እጀታውን እንደ ቡና ወፍጮ ያሽከረክረዋል። እሷም ውኃው ላይ እየተንሸራተተች በአንድ ትንፋሽ ተመልሳ ትመጣለች። እንደዚያ የሚሮጥ ትንሽ ዓሣ እኔ በዕድሜዬ ጣና ላይ አላየሁም።

ልነግራችሁ የተነሣሁት ይህንኑ ነው። ትል መንጠቆ ላይ ብትሰኩ ትሉ ራሱ ይንፈራገጥላችኋል፣ ጠረኑም ዓሣ ይጠራላችኋል። ብረትና ፕላስቲክ ግን በድን ነው። ነፍስ የሚዘራው በእጃችሁ ነው። እጃችሁ ደግሞ ምን መምሰል እንዳለበት የሚማረው ከሣጥኑ ሳይሆን ከውኃው ነው።

ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን የማስመሰያ ዓሣ የሠራው እንዲሁ በማየት ነበር። ድሃ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጀልባውን እየቀዘፈ ሳለ ትልልቆቹ ዓሦች ከመንጋው መካከል የሚመርጡት ደኅናውን ሳይሆን ቆስሎ የሚንገዳገደውን መሆኑን አስተዋለ። በ1936 እ.ኤ.አ. በጫማ ሰፊ ቢላ ቡሽ ቀረጸ፣ በቸኮሌት መጠቅለያ ብልጭልጭ ወረቀት አለበሰው፣ ውኃ እንዳይገባው ደግሞ የፎቶግራፍ ፊልም አቅልጦ ቀባው። ከተጣለ ነገር የተሠራች ዓሣ ናት። መንገዳገዷ ግን ትክክለኛ ነበር፤ ያ በቃት።

እናንተም ከሣጥኑ በፊት ዓሣውን እወቁ። ጣና ላይ በብዛት የሚያዙት ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቆሮሶን በብረት አትድከሙባት፤ ዋና ምግቧ ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ አልጌ ነው፣ ትንሽ ዓሣ አሳዳ አትበላም። ለእሷ ትንሽ መንጠቆ፣ የሊጥ እንክብል ወይም ትል፣ ከላይ ደግሞ ቁራጭ ቡሽ ይበቃል። እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ እናት ናትና አፏ ሞልቶ ከመጣችላችሁ እጃችሁን አርጥባችሁ ወደ ውኃው መልሷት። አምባዛ ደግሞ ምግቡን የሚያገኘው በጠረንና በጢሙ እየዳሰሰ ነው፤ መሸት ሲል የዶሮ አንጀት በእርሳስ አክብዳችሁ ወለሉ ላይ አሳርፉለት።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው ጌጥ ሥራ የሚሠራው ለነጭ ዓሣ ነው። አርባ ምንጭ ያላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ እናንተ ጋ ነጭ ዓሣ የሚባለው ከሰው በላይ ሊመዝን የሚችለው የጫሞው ናይል ፐርች ነው፣ እኛ ጋ የሚባለው ባርበስ ነው። ስለዚህ ስለ እኛው ዓሣ ትንሽ ልዘግይ፤ ይገባዋልና። ተመራማሪዎች ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ 15 የባርበስ ዝርያዎችን ለይተዋል፤ ከእነዚህ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። የሚገርመው መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ እንደ ውሻ ነክሶ መያዝ አይሆንላቸውም። ያሳድዳሉ፣ ይቀርባሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ከነውኃው ይምጋሉ፤ ካመለጣቸው አመለጣቸው። ይህን ካወቃችሁ የሣጥኑ ግማሽ ያለ ሥራ ይቀራል። አፋቸው የማይችለውን፣ የእጅ መዳፍ የሚያክለውን የእንጨት ዓሣ ተዉት፤ የትንሽ ጣት ያህል ርዝመት ያላትን ማንኪያ የምትባል ብረትና ዙሪያዋን የምትሽከረከር ቅጠል ያላትን ስፒነር ያዙ። እኔ ክረምት ውኃው ሲደፈርስ ወርቅማዋን፣ በጋ ሲጠራ ብርማዋን እመርጣለሁ።

ዘንጉ ከሁለት ሜትር ትንሽ ቢበልጥ፣ ክሩ 0.28 ሚሊ ሜትር የሆነ ናይለን ቢሆን ለጀማሪ ይስማማል። ከዚያ የወፈረ ክር አይወረወርላችሁም፣ ከዚያ የቀጠነ ደግሞ ልብ ይሰብራል። ክሩ የሚጠቀለልበት ሪል ራሱ ላይ ፍሬን አለው። ብዙ ልጅ ይህን ፍሬን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ይወርድና ትልቅ ዓሣ ሲመጣ ክሩ ጧ ይላል። ቤታችሁ ሁለት ሊትር ውኃ የሞላ ሃይላንድ ፈልጉ። የክሩን ጫፍ አንገቱ ላይ እሰሩ፣ ዘንጉን ቀና አድርጋችሁ ከመሬት አንሡት። ሃይላንዱ ከተነሣ በኋላ ሪሉ እየተንሲያጠጠ ክር በቀስታ ከለቀቀ ፍሬኑ ልክ ነው። ጭራሽ ካለቀቀ አላሉት፤ ሃይላንዱ ከመሬት አልነሣ ካለ ትንሽ አጥብቁት።

ቋጠሮውን ደግሞ ሌሊት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትቋጥሩት ድረስ ተለማመዱት። የክሩን ጫፍ በማንኪያዋ ቀለበት አሳልፉ፤ ጫፉን በዋናው ክር ላይ ስድስት ጊዜ ጠምጥሙት። ከዚያ መልሳችሁ ከቀለበቱ ሥር በተፈጠረችው ትንሽ ክፍተት አስገቡት፣ ቀጥሎም በዚያው ጊዜ በተሠራው ትልቅ ዙር ውስጥ አሳልፉት። ሳታጠብቁት በፊት በምራቅ አርጥቡት። ናይለን ደረቁን ሲጠብቅ በሰበቃው ይግላል፣ የጋለ ክር ደግሞ ይደክማል። እኔ ሳላረጥብ በቋጠርሁት ክር የጠፋብኝን ዓሣ ዛሬም አልረሳውም። ስፒነር ስትጠቀሙ ከማታለያዋ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የምትዞር ቀለበት ጨምሩ፤ ያለሷ ክሩ ይጠመዘዝና ማታ ሲፈቱ ማደር ነው።

አሁን ወደ እጃችሁ ልመለስ። ያን ልጅ በመጀመሪያው ጠዋት እንዲወረውር አልፈቀድሁለትም። ጥልቀቱ ጉልበት የሚያክል የጠራ ውኃ ፈልገን፣ ማንኪያዋን ከዘንጉ ጫፍ ሁለት ክንድ አንጠልጥሎ፣ ከዳሩ ጋር እያራመደ ከላይ እንዲያያት ብቻ አደረግሁት። ፈጥኖ ሲጎትታት በጀርባዋ እየተንከባለለች ትሽከረከራለች። በጣም ሲያዘገያት ቀጥ ብላ ትሰምጣለች። በመካከሉ ግን አንዲት ፍጥነት አለች፤ እዚያ ላይ ማንኪያዋ ሆዷንና ጎኗን እያፈራረቀች ታበራለች፣ ጭራዋን እየቆላች ትሄዳለች። በዚያች ቅጽበት የዘንጉ ጫፍ ቱክ ቱክ ቱክ እያለ እጅ ላይ ይመታል። «ይሄ ነው» አልሁት። «ይህን ምት እጅህ ይያዘው፤ ስትወረውር ማንኪያዋን አታያትም፣ ምቷን ግን ታገኘዋለህ።» ጠዋቱን ሙሉ እንደ እረኛ ወዲያና ወዲህ ነዳት።

ስትወረውሩ ማንኪያዋ ውኃውን እንደነካች ቁጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ክሩ ሲላላ ወለሉን ነክታለች። ጣና ትልቅ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ ዳሩ ላይማ ብዙ ሳትቆጥሩ ወለሉን ትነካለች። ስድስት ላይ ወለሉን ከነካች ቀጣዩን ውርወራ አራት ላይ መሳብ ጀምሩ፤ ድንጋይና ሥር ውስጥ ገብታ አትቀርባችሁም። ከዚያ ያችን ምት እስክታገኙ ቀስ ብላችሁ ጠቅልሉ። አምስት ስድስት ዙር ከሄደች በኋላ እጃችሁን ለአንድ ትንፋሽ አቁሙ። ያን ጊዜ ማንኪያዋ እንደ ታመመ ዓሣ ጎኗን ሰጥታ ትወርዳለች። ስትከተል የነበረችው ነጭ ዓሣ ብዙ ጊዜ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። እኔ የያዝኋቸውን መለስ ብዬ ሳስብ አብዛኞቹ የመጡት ስጎትት አይደለም፣ እጄን ሳቆም ነው።

ሣጥን የሚልክ አጎት የሌላችሁ፣ እናንተም አትተክዙ። የሻይ ማንኪያ ውሰዱ። እጀታውን በብረት መጋዝ ቁረጡና ጠርዙን ሞርዱት። በሁለቱም ጫፍ በኩል አንዳንድ ቀዳዳ ብሱ። በጠባቡ በኩል ክሩ ይታሰራል፤ በሰፊው በኩል ትንሽ የቁልፍ ቀለበት አስገብታችሁ መንጠቆ አንጠልጥሉ። ስትጎትቷት ዝም ብላ ከመጣች በመዶሻ ጫፏን ቀስ አድርጋችሁ ጎበጥ አድርጓትና መልሳችሁ ሞክሯት። በገዛ እጃችሁ የሠራችኋት ማንኪያ ከምንም በላይ ታስተምራችኋለች፤ ለምን እንደምትንገዳገድ ታውቃላችሁና።

በልጅነቴ ኋላዬን ሳላይ ወረወርሁና መንጠቆው የታናሽ ወንድሜን ጆሮ ወጋ። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት ዞር ብላችሁ እዩ። አዲስ መንጠቆ ሲመጣላችሁ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ በፒንሳ ተጫኗት፤ ዓሣውን ለመልቀቅም፣ ሥጋችሁ ውስጥ ከገባም ለማውጣት ይቀልላል። ዓይን አጠገብ የገባን መንጠቆ ግን ማንም እንዳይነካው፣ ክሩን ቆርጣችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። እርሳስ በጥርሳችሁ አትንከሱ፤ መርዝ ነው፣ ፒንሳ ለዚሁ ነው የተሠራው። ዳር ላይ ባዶ እግራችሁን ውኃ ውስጥ ቆማችሁ አትዋሉ፤ ቢልሃርዚያ አለ።

ዓሣ የሚበላው ንጋት ላይና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ጉማሬም ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ውኃው የሚመለሰው ንጋት ላይ ነው፤ ማታም የሚወጣው ስታዘቀዝቅ ነው። አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ለምትወርዱ ይህ የሞትና የሕይወት ነገር ነው። ሣሩ የተረገጠበትን፣ ወደ ውኃው የሚያስገባውን የጉማሬ ዱካ ለዩትና በእሱ ላይ አትቁሙ። በጉማሬና በውኃ መካከል የቆመ ሰው መሸሻ የለውም። ነግቶ፣ ብርሃን ሆኖ፣ ሁለት ሆናችሁ ውረዱ፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ያመለጣችሁ ዓሣ 1 ሰዓት ላይም አለ።

የተበጣጠሰ ናይለን ዳር ላይ ጥላችሁ አትሂዱ። ይብ እግሩ በክር ተተብትቦ ክንፉን ሲያርገፈግፍ አይቻለሁ። ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ክተቱት፣ ቤት ስትደርሱ ቆራርጣችሁ ጣሉት።

አንድ ነገር በብርቱ እለምናችኋለሁ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባርበስ እንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ጉማራና ርብ ወደመሳሰሉት ወንዞች ይወጣል። ያን ጊዜ በወንዞቹ አፍ ላይ ተጨናንቆ ስለሚያልፍ ሕፃን ልጅ እንኳ ይይዘዋል። መረብ የሚዘረጋበት አለ፣ ብርብራ ፈጭቶ ውኃው ውስጥ የሚበትንም አለ። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በነበሩት ዓመታት ብቻ የጣና ባርበስ መጠን በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን አጥኚዎች መዝግበዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ሀብቱ እንዳያልቅ ነው፤ ከመውረዳችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ያለውን ደንብ ከግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በእነዚያ ወራት ግን ደንብ ባይኖርም እንኳ የወንዝ አፍ ላይ አትቁሙ። ሐይቁ ዳር ላይ ብትይዙም ሆዷ የተነፋውን ልቀቋት። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌለ ዓሣ ነው፤ እዚህ ካለቀ የትም ሄደን አናመጣውም።

ልጁ የመጀመሪያውን ዓሣ የያዘው አብረን በወረድን በአምስተኛው ቀን ነው። ማንኪያዋን አቆማት፣ ክሩ ደንገጥ አለ፣ ዘንጉ ጎበጠ፣ ሪሉ እየተንሲያጠጠ ክር ሰጠ። እጀታውን ሊይዝ ሲል «ተወው፣ ይሩጥ» አልሁት። ሲደክም ወደ ዳር አመጣው፤ ክንድ የሚያህል ባርበስ ነው፣ ጎኑ በጠዋቷ ፀሐይ እንደ ነሐስ ያበራል። እናቱ ለምሳ ጠበሰችው።

ዛሬ ሣጥኑ ውስጥ የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው፣ ሁለት ማንኪያና አንዲት ስፒነር። ሌላውን ለጓደኞቹ አደለ። ባለፈው ሳምንት አጎቱ ደውሎ ቀጥሎ ምን ልላክልህ ሲለው አጠገቡ ተቀምጬ ሰማሁ።

«ክር» አለው። «0.28 የሆነውን።»