እግዚአብሔር ካለ፣ ከሌሊቱ 9፡30

ከሐሙሲት ተነሥቶ በማለዳ ከባሕር ዳር የሚበር ሰው በምን እንደሚሄድ የሚቆርጠው ዋዜማውን ነው። ከተማዋ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከባሕር ዳር ከ30 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከባሕር ዳር በስተ ምዕራብ ነው፤ ስለዚህ መንገደኛው ዓባይን ተሻግሮ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ አለበት። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውና 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ ይህንን ክፍል አቅልሎታል። በረራው ከጠዋቱ 1፡00 ላይ ከሆነ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይመከራልና 11፡00 ላይ ከመግቢያው በር መገኘት ያስፈልጋል። ለጉዞው አንድ ሰዓት፣ ለጎማና ለኬላ ፍተሻ ግማሽ ሰዓት ሲተው ከሐሙሲት መነሻው ከሌሊቱ 9፡30 ይሆናል።

በዚያ ሰዓት ተራ የያዘ ሚኒባስ የለም። የንጋቱ ሚኒባስ ሲሞላ ነው የሚነሣው፤ ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ የሚጣራው ያ አንድ ሰው እስኪገኝ አውሮፕላኑ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ የቀሩት መንገዶች ጥቂት ናቸው። አንዱ ባለመኪና አናግሮ በኮንትራት በሌሊት መሄድ ነው። ሌላው ዋዜማውን በቀን ሚኒባስ ባሕር ዳር ገብቶ አልጋ መያዝ ወይም ዘመድ ቤት ማደር፣ ጠዋት ከዚያው ባጃጅ ወይም ታክሲ መውሰድ ነው። ሦስተኛው፣ በእውነቱ ከምርጫ የማይቆጠረው፣ አስፋልት ዳር ወጥቶ ከፎገራ ሽንኩርት ጭኖ የሚያልፍ አይሱዙ እንዲቆም እጅ መዘርጋት ነው። እያንዳንዱ የሚጠይቀው ገንዘብ የተለያየ ነው፤ ሰውን የሚፈትነው ግን ከገንዘቡ በፊት የሚመጣ ጥያቄ ነው። ነገ የእግዚአብሔር ከሆነ፣ ሰው ስለ ነገ ምን ያህል ማሰናዳት ይገባዋል? ከምን ላይ ሲደርስ ነው ጥንቃቄው እምነት ማጣት የሚሆነው፣ ከምን ላይስ ሲደርስ ነው እምነቱ ስንፍና የሚሆነው?

ጥያቄውን የሚያወሳስበው መጀመሪያ ሰዓቱ ራሱ ነው። ትኬቱ 07:00 ይላል። በአገሩ አቆጣጠር 7 ሰዓት ማለት ምሳ የሚበላበት ሰዓት ነው፤ በትኬቱ ግን ፀሐይ ገና ብቅ ያለችበት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት መቀነስ ለለመደው ቀላል ነው። ትኬቱ ከእናት ወደ አጎት፣ ከአጎት ወደ ጎረቤት በሚዞርበት ምሽት ግን አንዱ «ሰባት ሰዓት ነው» ካለ ቤቱ በሙሉ ተረጋግቶ ይተኛል። ከቦሌ ወደ ዓረብ አገር ለሚበሩት ደግሞ የባሰ ይመጣል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ15 ቀን 01:30 የሚል ትኬት 14 ቀን መሽቶ ከሌሊቱ 7፡30 ማለት ነው። ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው ብሎ የሚቆጥር ሰው በ15 ማታ ሻንጣውን ይዞ ይደርሳል፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ግን ቀን ሊሞላው ነው። በሬ ተሸጦ የተገዛ ትኬት በዚህ መንገድ ይቃጠላል።

የሚያስቆጨው፣ ለዚህ ስሕተት መድኃኒቱ ቀድሞም በአማርኛው ውስጥ መኖሩ ነው። «ለእሑድ አጥቢያ» የሚል ሰው ቅዳሜ ከመሸ በኋላ ያለውን ሌሊት ለእሑድ ሰጥቶ ይናገራል። ይህ የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት የፍጥረት ቀናት ማታን አስቀድመው ስለሚቆጠሩ ዕለት ከምሽት ይጀምራል፣ ሌሊቱም የሚመጣው ቀን ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንግዲህ የአየር መንገዱ ቀንና ለማኅሌት የቆመው መሪጌታ ቀን አንድ ናቸው። ትኬቱን የሚያስረዳ ሰው «ለ15 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7፡30» ቢል አያቲቱም ሳይቀሩ ይረዱታል።

መነሻዋ ከተማ ራሷ ስሟን ያገኘችው ከዕለት ነው። በጎንደር መንገድ ማክሰኚት፣ በታች ጋይንት አርብ ገበያ እንዳሉ ሁሉ ሐሙሲትም የሐሙስ ገበያ ስም ናት። ዕለት በገበያ በሚጠራበት አገር «ሐሙስ እንገናኝ» ያለ ሰው ጠዋት ቢመጣም ከሰዓት ቢመጣም ቃሉን ጠብቋል። ያ ልማድ ጉድለት የለበትም፤ እህል ለሚሸጥና ከብት ለሚነዳ ሰው የሚበቃ፣ የዝናብን፣ የጅረትንና የታመመን በሬ ይሉኝታ የያዘ የጊዜ ስፋት ነው። አውሮፕላን ግን ቀጠሮውን በደቂቃ ይይዛል፣ ይቅርታም የለውም። በአንድ ሌሊት ከአንዱ ጊዜ ወደ ሌላው መሻገር አለ፤ ኮንትራት የያዘው ሾፌር ሊረዳ የሚገባው ይህንኑ ነው።

ዋዜማ ማታ በአንድ ደጃፍ ላይ የሚሰማው ንግግር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ወጣቱ ሾፌር ቀብዱን ኪሱ እየከተተ «ግድ የለም አባባ፤ እግዚአብሔር ካለ ዘጠኝ ተኩል ላይ ከደጅዎ ነኝ» ይላል። ሽማግሌው በሩን ይዘው፣ «እግዚአብሔርስ ይላል ልጄ፤ አንተ እንዳትቀር ነው። አደራ» ይላሉ።

በዚህ መልስ ውስጥ የጥያቄው ድንበር ተሰምሯል። ድንገተኛ ሕመም፣ የጎርፍ ውኃ፣ ኬላ ላይ የተዘጋ መንገድ «ካለ» በሚለው ቃል ሥር ያድራሉ። ስልኩን ለ9፡00 መሙላት፣ ነዳጅ በቀን መቅዳት፣ የትርፍ ጎማውን ንፋስ ማየት፣ በጊዜ መተኛት «እንዳትቀር» በሚለው ሥር ናቸው። የሐዋርያው ያዕቆብ መልእክት በ4ኛው ምዕራፍ ነገ እገሌ ከተማ ሄደን እንነግዳለን የሚሉትን ሲገሥጽ የሚነቅፈው ትዕቢታቸውን ነው፤ ስንቅ መሰነቃቸውንና ቀን መቁረጣቸውን አይነካም። ቁርኣንም በሱረቱል ካህፍ አማኙ ነገን ሲናገር የአላህን ፈቃድ እንዲያነሣ ያዝዛል፤ በቲርሚዚ የተዘገበው ሐዲስ ደግሞ ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢዩ መጀመሪያ እንዲያስራት መለሱለት ይላል። በሁለቱም ሃይማኖት «ካለ» እና «ኢንሻ አላህ» ቃል ኪዳንን ለማጥበቅ የተሰጡ ናቸው፤ ተናጋሪው የሚችለውን ሁሉ እንደሚያደርግና የማይችለውን ለባለቤቱ እንደሚተው ይመሰክራሉ። መቅረት ያሰበ ሰው ቃሉን ለማላላት ሲጠራቸው ግን የፈጣሪን ስም በከንቱ ማንሣት ነው። ከዚህ የከበደ ነገር በዚህ ጉዳይ የለም፤ የተቀደሰውን ቃል የስንፍና መሸሸጊያ ያደረገ ሰው ያጎደለው ለአንድ መንገደኛ ብቻ አይደለም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቃሉን ከልቡ የሚናገረውንም ሰው አስጠርጥሮታል።

የስንፍናው ሙግት ጥንታዊ ነው። «ከተጻፈልኝ እደርሳለሁ፤ ካልተጻፈልኝ ኮንትራትም ይዤ አልደርስ፤ ታዲያ ለምን ብሬን እከሰክሳለሁ?» የሚለው አነጋገር በግሪክ ፈላስፎች ዘንድ «ሰነፍ ሙግት» ይባል ነበር። እነርሱ ምሳሌ ያደረጉት በሽተኛን ነው፤ መዳኑ ከተወሰነለት ሐኪም ቢጠራም ባይጠራም ይድናል ይላል ሙግቱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምእተ ዓመት የነበረው የስቶይኮች መምህር ክሪሲጶስ፣ ሮማዊው ሲሴሮ ስለ ዕጣ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርክለት፣ የሚሆነው ነገር ከመንገዱ ጋር አብሮ የተወሰነ ነው ብሎ መለሰ። መዳኑ ከተወሰነ ሐኪም መጥራቱም አብሮ ተወስኗል። ለሐሙሲቱ መንገደኛ ሲተረጎም፣ መድረስ የተጻፈለት ሰው መኪና መያዝም ተጽፎለታል ማለት ነው። ዕጣን የሚያምንም ቢሆን ከመዘጋጀት ነጻ አይወጣም።

በክርስትናው በኩል ከዚህ ጠለቅ የሚል ነገር አለ፤ እርሱም አምላክን መፈታተን ነው። በማቴዎስ ወንጌል 4ኛ ምዕራፍ ፈታኙ ክርስቶስን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር፣ መላእክት እንደሚይዙት ተስፋ እየጠቀሰ ይጋብዘዋል። የተጠቀሰው ተስፋ እውነተኛ ነበር፤ አጠቃቀሙ ግን ሐሰት ሆነ። በራስ ፈቃድ ገደል ገብቶ እግዚአብሔርን ለማዳን መጥራት መታመን አይባልም። ነገሩ ወደ ትንሿ የመንገድ ጉዳይ ሲወርድም መልኩ አይለወጥም። ሁለት ቀን ሙሉ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ሌሊቱን አስፋልት ላይ ቆሞ አይሱዙ የሚለምን ሰው፣ በገዛ ምርጫው ያመጣውን ጭንቅ ለእግዚአብሔር የፈተና ወረቀት አድርጎ ያቀርባል። መኪና መያዣ ያጣ ድኻ ቢቆም ግን ሌላ ነው፤ እርሱ የሚችለውን አድርጓልና ጸሎቱ ንጹሕ ነው። ስለ ዐሥሩ ቆነጃጅት በተነገረው ምሳሌም አምስቱ የጎደላቸው ፍቅር አልነበረም፣ ዘይት ነበር፤ ዘይት ደግሞ በቀን የሚገዛ ነገር ነው።

የዚሁ አስፋልት አገር የራሱ ፈላስፋም አለው። ከሐሙሲት በወረታና በአዲስ ዘመን አልፎ ወደ ጎንደር ሲሄዱ የሚገኘው እንፍራዝ፣ የ«ሐተታ» ባለቤት ተብሎ የሚታወቀው ዘርዐ ያዕቆብ በ17ኛው ምእተ ዓመት ሀብቱ በሚባል ሰው ቤት ጽሕፈት እየጻፈና እያስተማረ ኖረ የሚባልበት ቦታ ነው። መጽሐፉን ለፈረንሳዊው አሳሽ ለአንቷን ዳባዲ የላከለት ጋይንት ተቀምጦ የነበረው ካፑቺናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ስለሆነ፣ ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. የድርሰቱ ባለቤት ራሱ ሚስዮናዊው ነው ብሎ ጻፈ፤ የፍልስፍና መምህሩ ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ዕድሜ ልኩን ተሟገተ፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አልተዘጋም። የጻፈው ማንም ይሁን ማን፣ በጋይንትና በእንፍራዝ መካከል የዞረው ሐሳብ ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል። ፈጣሪ ለሰው የልቡና ብርሃን የሰጠው እንዲመረምርበት ነው፤ የተማሪው የወልደ ሕይወት ሐተታም በእጅ መሥራትን ከፈጣሪ ትእዛዝ ይቆጥረዋል። በዚህ ዓይን ሲታይ ስለ ነገ ማስላት ፈጣሪ በሰጠው ብርሃን መጠቀም ነውና የኃጢአት ሽታ የለበትም።

እስካሁን የተነገረው መንገደኛውን ብቻ ያየ ነው፤ በሌሊቱ ጉዞ ውስጥ ግን ሌሎች ሰዎችም አሉ። ከሌሊቱ 9፡30 የሚነሣ ኮንትራት የሾፌሩን እንቅልፍ ይገዛል። ቀኑን ሲጭን ውሎ ሦስት ሰዓት ብቻ የተኛ ልጅ መሪ ሲይዝ፣ ከመኪናው መብራት ፊት ነጠላ ያጣፉ እናት በመንገዱ ጠርዝ ለኪዳን ሲሄዱ ይታያሉ፤ መጀመሪያ ነጩ ብቻ፣ ቀጥሎ መቋሚያቸው፣ በመጨረሻ ፊታቸው። ከእርሳቸው ኋላ ለገበያ የተጫኑ አህዮች አሉ። እርሳቸው አይበሩም፣ ትኬትም የላቸውም፤ የሌላው ሰው ጥድፊያ ግን በእርሳቸው ጎን ያልፋል። ለዚህ ነው ሌሎች መንገዶች ክፍት ሲሆኑ ዋዜማውን ባሕር ዳር ማደር የሚሻለው። ዘመድ ቤት ማደርን የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ነው፤ ሌሊት ሰው መቀስቀስ፣ ቡና ማስፈላት፣ በር ማስከፈት ያሳፍራል። ግን ዘመድ አንድ ሌሊት ቢነቃ የሚጎድልበት የአንድ ሰዓት እንቅልፍ ነው፣ ያም በፈቃዱ ነው፤ የደከመ ሾፌር አደጋ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ይመጣል። ኮንትራቱ ግዴታ ከሆነም ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው «ዛሬ ስትሠራ ዋልህ ወይ?» የሚለው ነው።

ሁሉም በሚገባ ተሰናድቶም የሚቀር አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገድ የሚዘጋበትና በሌሊት መንቀሳቀስ የማይቻልበት ቀን ብዙ ሆኗል። በዚያ ቀን ቀብድ ከፍሎ፣ ሰዓቱን አስተካክሎ፣ ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጦ ያደረ ሰው ይቀራል። ጥፋተኛ ፍለጋ ሾፌሩን መውቀስ፣ ወይም «ኃጢአቴ ነው» ብሎ ራስን መቅጣት ሁለቱም ከእውነቱ ያርቃሉ። የሰውየው ድርሻ ከበሩ ላይ አልቋል። ቀብዱስ? በአገሩ ልማድ ሾፌሩ ዝግጁ ሆኖ ከቀረበ ቀብዱ የእርሱ ነው የሚል አለ፣ መኪናው ካልተነቃነቀ ይመለስ የሚልም አለ፤ ፍትሐዊው ሁለቱ ሰዎች ከሁለቱም ያልመጣውን ጉዳት እኩል መሸከማቸው ነው።

መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ደግሞ አንድ ሌላ ሒሳብ ይቀራል። የኮንትራት ዋጋ የሚቆረጠው በደርሶ መልስ ነው፤ መኪናው ባዶውን ይመለሳልና መንገደኛው የመመለሻውንም ይከፍላል። ሾፌሩ ሲመለስ ሰው ቢያገኝ ትርፉ የማን ነው? ያ ትርፍ ሌሊቱን ለተነሣው ለሾፌሩ ይገባዋል፤ መንገደኛው የገዛው ባዶ መመለሱን ሳይሆን በሰዓቱ መድረስን ነው። ስለዚህ መንገደኛውን አውርዶ ሲጨርስ ከባሕር ዳር መውጫ፣ ከድልድዩ ወዲያ ዳር ይይዛል። ሌላ ቀን ቢሆን ግማሹን ሞልቶ ይነሣል። ዕለቱ ሐሙስ ከሆነ ግን ሸማ፣ ላስቲክ ጫማና ጨው የተሸከሙ ነጋዴዎች ቀድመው ቆመዋል፤ ረዳት ሳያስፈልገው ይሞላለታል።