ሐዘን የአንጎል ጉድለት ነውን?

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ የገባው ሕዝብ በኩሌ፣ በቴርኪዲና በንጉኝዬል መጠለያዎች ዓመታት አስቆጥሯል። ልጇን መንገድ ላይ የቀበረች፣ ባሏ የት እንደደረሰ የማታውቅ እናት እንቅልፍ አጥታ፣ እህል አስጠልቷት፣ ውኃ ለመቅዳት እንኳ መነሣት ሲያቅታት ጤና ጣቢያ ብትሄድ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን የተባለ የድብርት መድኃኒት ሊታዘዝላት ይችላል። ለማዘን ይህን ያህል ምክንያት ያላት ሴት ኪኒን ስትውጥ፣ ችግሩ የአንጎሏ ነበር ማለት ነው? አይደለም ባይ ነኝ። ኪኒኑንም አትውሰጂ አልላትም።

ብዙዎቻችን የሰማነው ማብራሪያ፣ ድብርት ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ሲያንስ ይመጣል፣ መድኃኒቱም የጎደለውን ይሞላል የሚል ነው። የነገሩ አመጣጥ ግን ተቃራኒ ነው፤ መድኃኒቱ ቀደመ፣ ማብራሪያው ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኢፕሮኒያዚድ የተባለ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት (ዛሬ በየቲቢ ክሊኒኩ ለሚሰጠው አይሶኒያዚድ የቅርብ ዘመድ ነው) የተኙትን ሕሙማን ሳይታሰብ ሲያነቃቃ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1957 የስዊዘርላንዱ ሐኪም ሮላንድ ኩን፣ ለስኪዞፍሬንያ ሲሞከር የነበረው ኢሚፕራሚን በድብርት የወደቁትን እንደሚያነሣ ዘገበ። እነዚህ መድኃኒቶች ሴሮቶኒንንና ኖርአድሬናሊን የተባለውን ሌላ የአንጎል ኬሚካል እንደሚነኩ ሲታወቅ፣ እንግዲያው በሽታው የእነዚሁ እጥረት ነው ወደሚል ድምዳሜ ተሄደ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጆሴፍ ሺልድክራውት የኖርአድሬናሊኑን መላምት እ.ኤ.አ. በ1965 ጻፈ፤ ሴሮቶኒን ተራውን ቆየት ብሎ አገኘ። በወባ የተያዘ ሰው ትኩሳቱ በፓራሲታሞል ሲበርድለት ወባ የፓራሲታሞል እጥረት ነው የሚል የለም፤ ስለ ድብርት ግን እንዲህ ያለው አባባል ለአሥርት ዓመታት አለፈ።

ጊዜውም አይገጥምም። ፍሉኦክሰቲን በሁለት የነርቭ ሕዋሳት መካከል የተለቀቀውን ሴሮቶኒን መልሶ የሚሰበስበውን ፕሮቲን ያግዳል፤ ይህን በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። ሰውየው ግን መሻሻል የሚሰማው ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሌላ ቦታ መፈለግ ጀመሩ፤ ውጥረት ሲበዛ የሚመነጨውን ኮርቲሶልን፣ የነርቭ ሕዋሳት አዲስ ግንኙነት የሚፈጥሩበትን ሂደት። ሁሉም ከፊል ፍንጭ እንጂ የተሟላ መልስ አልሰጡም። እ.ኤ.አ. በ2022 የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ጆአና ሞንክሪፍና ባልደረቦቿ የቀደሙትን ጥናቶች አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ድብርት ከሴሮቶኒን ማነስ እንደሚመጣ የሚያሳይ ወጥ ማስረጃ አላገኙም።

እንግዲያው መድኃኒቱ ከንቱ ነው? ይህን የሚሉ አሉ፤ ያ ግን የመጀመሪያውን ስሕተት ገልብጦ መድገም ነው። የመድኃኒት መሥራትና የመሥራቱ ምክንያት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪው አንድሪያ ቺፕሪያኒና ባልደረቦቹ 116,477 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 522 ሙከራዎች አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ የተፈተሹት 21 መድኃኒቶች ሁሉ ከማስመሰያ ኪኒን በልጠው ተገኙ። ብልጫው መጠነኛ ነው፤ አብዛኞቹ ሙከራዎችም ሳምንታትን ብቻ የቆዩ፣ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የተደረጉ ናቸው። ጉዳትም አለው፤ አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ላብ ይቀንሳል፣ ይህም በመጋቢት የጋምቤላ ሙቀት ቀላል ነገር አይደለም፤ ከመጠን በላይ ከተወሰደም ልብን ያውካል።

ከቤተ እምነት የሚነሣው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ የሚያጽናና እግዚአብሔር ነው፣ በኪኒን መጽናናት የእምነት ማነስ ነው ይባላል። ተቃውሞውን አልንቀውም፤ ለመከራ ትርጉም የሚሰጥ ኪኒን የለምና። ነገር ግን ነቢዩ ኤልያስን እንመልከት። ንግሥት ኤልዛቤል ልትገድለው ስትፈልገው ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን ለመነ። መልአኩ አልገሠጸውም፣ አላስተማረውም፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ እንደገና ተኛ፣ እንደገና በላ። አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ተራራ ሲደርስም ለእግዚአብሔር ያቀረበው ስሞታ ነው፣ ያውም ያንኑ ሁለት ጊዜ። ምግቡ ስሞታውን አልሻረውም፣ ይዞት የሚሄድበትን ጉልበት ሰጠው እንጂ። የኪኒኑንም ሥራ ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ አላውቅም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ኪኒኑ በደልን ማፈኛ ይሆናል የሚለው ተቃውሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከሰኔ እስከ ጥቅምት በኢትዮጵያ ለስደተኞች የሚሰጠው የምግብ እርዳታ ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት ተስፋ የቆረጠችን እናት ድብርት አለባት ብሎ ማሰናበት ነውር በሆነ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ለአስቸኳይ ጊዜ ያወጡት መመሪያ ራሱ፣ ከባድ ሐዘን ለደረሰበት ሰው የሚጠበቀውን ስሜት ከሕመም እንዲለዩ ባለሙያዎችን ያዛል። ልዩነቱን የምክንያቱ ትክክለኛነት አይወስነውም፤ የብዙ ሕሙማን ምክንያት እውነተኛ ነውና። የሚወስነው ሰውየው ሳምንታት አልፈውም መብላት፣ መተኛት፣ ልጆቹን መንከባከብ አቅቶት እንደሆነ ነው። መነሣት ያቃታት እናት ራሽኗ ለምን እንደቀረ ሄዳ መጠየቅም አይሆንላትም። ተቃዋሚዎቹ ልክ የሚሆኑት የሕክምና ካርዷ ላይ የበሽታው ስም ሰፍሮ የራሽኑ ነገር ሳይጻፍ የቀረ እንደሆነ ነው።